ኩሬው ተቆፍሯል፣ የውኃው ደንብ ግን ገና አልተጻፈም

«መስኖው ከምን ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ሰሞን ካሎቤዬ ውስጥ «ሬሽን መቼ ነው?» ከሚለው ቀጥሎ ብዙ የሚጠየቅ ጥያቄ ሆኗል። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ሃይስኩል ጨርሼ እዚሁ ካምፕ ውስጥ ስድስተኛ ክፍል የማስተምር ስደተኛ ነኝ። ግን አማርኛም፣ እንግሊዝኛም፣ ስዋሂሊም ስለምጽፍ የመስኖው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርጎኛል። ደብተሩ እኔ ጋ ነው ያለው። ስለዚህ ጥያቄው በየመንገዱ ይከተለኛል፤ ውኃ ልቅዳ ስሰለፍ፣ ቡና ቤት ስቀመጥ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ። እስኪ አንድ ጊዜ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሰው።

መጀመሪያ በዓይን የሚታየውን ልናገር። ኩሬው ተቆፍሮ አልቋል። ከደረቁ ወንዝ፣ እዚህ «ላጋ» ከምንለው፣ ጎርፉን ወደ ኩሬው የሚያመጣው ቦይም ተቆፍሯል። አጥሩ ቆሟል። የሶላሩ ብረት ተተክሏል፤ ሶላሩ ራሱ ግን አልመጣም። ፓምፑም አልመጣም። ቧንቧዎቹ መጥተው ሜዳ ላይ ተከምረዋል፤ ፀሐይ እየመታቸው ቀለማቸው መልቀቅ ጀምሯል። አባላቱ፣ ግማሹ ስደተኛ ግማሹ ቱርካና፣ ጎድጓዳ መደቦቻቸውን በእጃቸው ቆፍረው ጨርሰዋል። መደቡ ጎድጎድ የሚለው የሚፈስበት ውኃ ወደ ጎን ሳይሸሽ ሥሩ ላይ እንዲቀር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ሳይ ነፋሱ አንዳንዶቹን በአሸዋ መልሶ ሞልቷቸዋል።

ለምን ቆመ? ለእኛ የተነገረን «በጀቱ ተቀንሷል፣ ትንሽ ታገሱ» የሚል ነው። ሥራውን የያዘው ድርጅት ሠራተኞች መጥተው ይቅርታ ጠይቀውናል፤ ከእነሱም ውስጥ ከሥራ የተቀነሱ አሉ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጃንዋሪ 2025 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲታገድ ጊዜያዊ መስሎን ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ዩኤስኤይድ የሚባለው መሥሪያ ቤት ጭራሹን ተዘጋ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እዚህ የሚያድለው ሬሽን ከሙሉው መጠን ከአንድ ሦስተኛ በታች ወረደ፤ በስልክ ይገባ የነበረው የገንዘብ ድጋፍም ቆመ። ጁላይ ላይ ሰው አደባባይ ወጣ። ከኦገስት 2025 ጀምሮ ደግሞ ሁላችንም በአራት ካታጎሪ ተከፈልን፤ ችግረኛ የተባለው ይበልጥ ያገኛል፣ «ራሱን ይችላል» የተባለው ካታጎሪ 4 ምንም አያገኝም።

እንግዲህ መስኖው የቆመው መስኖ ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ሰው በዚህ ተናዷል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ደብተሩን ወደኋላ እያገላበጥኩ ሳነበው ከፓምፑ መዘግየት የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ የተጻፈው ሁሉ ስለ ቁፋሮ፣ ስለ አጥር፣ ስለ ቧንቧ ነው። ፓምፑ ሲበላሽ ማን ይከፍላል? መደቡ በእኔ ስም የሚቆየው እስከ መቼ ነው? እርሻ ውስጥ የገባ ሰው ሬሽኑ ይነካል ወይ? ስለ እነዚህ አንድ መስመር አልተጻፈም። እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ያኔ አልታየኝም ነበር።

ካሎቤዬ ከካኩማ የሚለይበትን ነገር እናስታውስ። ካኩማ በ1992 ሲከፈት ለጊዜው የተባለ ካምፕ ነበር። ካሎቤዬ ግን ከመጀመሪያው ስደተኛውና የአገሩ ሰው አብረው እንዲኖሩበት የታሰበ መንደር ነው። የቱርካና ካውንቲ 1,500 ሄክታር መሬት ሰጠ፤ በ2016 ሰው መግባት ጀመረ፤ በ2018 ደግሞ እስከ 2030 የሚዘልቀው የልማት ዕቅድ ይፋ ሆነ። የስደተኞች ሕግ በ2021 ወጣ። ማርች 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ሩቶ «ሺሪካ» የተባለውን ዕቅድ አስጀመሩ፤ ካምፖች ቀስ በቀስ ከተማ ይሆናሉ፣ ስደተኛው ከዕርዳታ ወደ ራስን መቻል ይሸጋገራል የሚል ነው። በሁሉም ወረቀት ላይ «ራስን መቻል» የሚለው ቃል አለ። ዛሬ በካኩማና በካሎቤዬ ከ300,000 በላይ ሰው ይኖራል። ይህ ሁሉ ሰው በምን ውኃ ነው ራሱን የሚችለው?

የውኃውን ነገር በቁጥር እንየው። በቱርካና ዋና ከተማ በሎድዋር በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይና ነፋስ ከተገለጠ ውኃ ላይ የሚወስዱት ደግሞ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ አላመኑኝም። ስለዚህ አንድ ጄሪካን ከላይ ቆርጠን ውኃ ሞላንበትና በማስመሪያ እየለካን ግቢው ውስጥ አስቀመጥነው፤ ፍየል እንዳይጠጣው ተረኛ መደብንለት። በሳምንቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዷል። አንዷ ልጅ ሒሳቡን በራሷ ሠራችና «ቲቸር፣ ኩሬው ሦስት ሜትር ከሆነ ሁለቱን ሜትር ፀሐይ ነው የምትጠጣው ማለት ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ከዚያ ላይ ደለሉ አለ። ላጋው የሚያመጣው ጎርፍ ንጹሕ ውኃ አይደለም፤ ጭቃና አሸዋ ይዞ ነው የሚገባው። በየዓመቱ ካልተጠረገ ኩሬው ከዓመት ወደ ዓመት እየሞላ ይሄዳል። ስለዚህ ኩሬ አንዴ ተቆፍሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ እንደገና የሚቆፈር ነገር ነው። ማን ይቆፍራል? በነፃ ወይስ በክፍያ? ደብተሩ ዝም ይላል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ ቱርካና ከመስኖ ጋር ረጅም ታሪክ አላት። በ1960 እና 61 ከደረሰው ረሃብ በኋላ በቱርክዌል ወንዝ ዳር የመስኖ እርሻዎች ተጀመሩ፤ ካቲሉ አንዱ ነው። ሐሳቡ ከብቱን ያጣ አርብቶ አደር ገበሬ ይሁን የሚል ነበር። ጎርፍ የውኃ መጥለፊያውን እያፈረሰ፣ ወንዙ መንገዱን እየቀየረ፣ የጥገናው ወጪ በለጋሽ ትከሻ ላይ እንደተንጠለጠለ ብዙ ዓመት አለፈ። ከዚያ በ1990 የኬንያ መንግሥትና ኖርዌይ ተጣልተው ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነታቸው ተቋረጠ። ኖርዌይ በቱርካና ልማት ከዋና ለጋሾች አንዷ ነበረች፤ ናይሮቢና ኦስሎ ውስጥ በተነሳ ጠብ ምክንያት እዚህ በረሃ ውስጥ ያለው ሥራ ቆመ። የ2025ን ነገር ያየ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። ገንዘቡ የሚመጣበት አገር ፖለቲካ ሲቀየር የእኛ ፓምፕ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሌላም ትዝታ አለ። በ2013 ሎቲኪፒ በሚባለው ሜዳ ሥር ትልቅ የከርሰ ምድር ውኃ ተገኘ ተብሎ በዓለም ዜና ተነገረ። ኬንያን ለ70 ዓመት ያጠጣል ተባለ። በ2015 ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲመረመር ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሰፈራችን ውስጥ ሰዎች «ቱርካና ሊለመልም ነው» እያሉ ሲያወሩ አስታውሳለሁ። ዛሬ አንድ ቱርካና ሽማግሌ ስለ አዲስ የውኃ ፕሮጀክት ሲነገራቸው ራሳቸውን የሚነቀንቁት ስለማይገባቸው አይደለም። ብዙ ስለሰሙ ነው።

ወደ አገር ቤትም እንመልከት። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ አካባቢ ከ2009 እስከ 2011 በተከፈቱት አምስት ካምፖች፣ የኢኬያ ፋውንዴሽን ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አፍስሶ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ መስኖ ነው። ውኃው የሚሳበው ከገናሌ ወንዝ ነው። ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተዋል፤ ሶማሊያዊው ስደተኛና የአገሬው ሰው አንድ ማኅበር ውስጥ ናቸው። ሽንኩርት፣ በቆሎ፣ ሐብሐብ አምርተው ሸጠዋል። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ገናሌ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ነው፤ የእኛ ላጋ ግን ዝናብ ካልዘነበ አሸዋ ነው። ሁለተኛ፣ ያን ያህል ገንዘብ ፈስሶ እንኳ የማኅበራቱ አባላት በሺዎች እንጂ በመቶ ሺዎች አልተቆጠሩም። የናፍጣ ወጪ፣ የፓምፕ ብልሽትና የገበያ ርቀት እዚያም ሰውን ፈትነዋል።

ቃልና ተግባር ምን ያህል እንደሚራራቁም ከዚያው እንማራለን። በሴፕቴምበር 2016 ኒው ዮርክ በተደረገው የመሪዎች ስብሰባ የኢትዮጵያ መንግሥት 10,000 ሄክታር የመስኖ መሬት ለ20,000 የስደተኛና የአገሬው ቤተሰብ እንደሚያዘጋጅ ቃል ገባ። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛው በግብርና እንዲሠራ በሕግ ፈቀደ። ሕጉ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን ሄክታሩ ከወረቀት ወደ መሬት የሚወርደው ክልሉና የመሬቱ ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብ ሲስማሙ ነው። ይህ እዚህ ኬንያም እንደዚያው ነው። የምንቆፍረው መሬት የቱርካና ማኅበረሰብ መሬት ነው። በ2016ቱ የማኅበረሰብ መሬት ሕግ መሠረት ያልተመዘገበ የማኅበረሰብ መሬትን ካውንቲው በአደራ ነው የሚይዘው። እኔ መደብ ላይ ስሜን በቀለም ስለጻፍኩ መሬቱ የእኔ አይሆንም።

ይህ ነገር በእኛው መስኖ ላይ እንዴት እንደፈነዳ ልንገራችሁ። አጥሩ በቆመ በሁለተኛው ሳምንት በሌሊት ተቀደደ። ጠዋት ስንደርስ ፍየሎች ውስጥ ናቸው። ከእኛ ወገን አንዳንዱ «ሆን ብለው ነው፣ እንዳንለማ ነው» አለ፤ ነገሩ ወደ ጠብ ሊያመራ ነበር። ካኩማ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የት እንደሚያደርስ የምታውቁት ነው። ስብሰባ ተጠራ። አንድ ቱርካና አዛውንት ተነሱና ወደ እኔ ዞረው በስዋሂሊ እንዲህ አሉኝ፤ «ምዋሊሙ፣ ጻፍ። ይህ ላጋ ከብቶቻችን የሚጠጡበት ነበር። እናንተ ውኃውን ወደ ኩሬ ወሰዳችሁት። ፍየሏ ወረቀት አታነብም፤ ውኃው የሄደበትን ነው የተከተለችው።» ቤቱ ዝም አለ። ለካ ፕላኑ ላይ የከብት ገንዳ አልነበረም! ኩሬ አለ፣ አጥር አለ፣ መደብ አለ፤ እንስሳው የሚጠጣበት ቦታ ግን የለም። በአርብቶ አደር አገር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እስካሁን በዚህ ፕሮጀክት ውስጥ ካየሁት ሁሉ ጥሩው ነው። ኮሚቴው ከአጥሩ ውጭ የከብት ገንዳ ይሠራ ብሎ ወሰነ። ሲሚንቶ ከየቤቱ ተዋጣ፤ ድንጋዩን ቱርካናዎቹ አመጡ፤ አንድ ሱዳናዊ ግንበኛ በነፃ ሠራው። ድርጅቱ አንድ ሺሊንግ አላወጣም። ከዚያ ወዲህ አጥሩ አልተነካም። እንደውም ሁለት ቱርካና ወጣቶች በተራ ሌሊት ይጠብቁታል። «መስኖው ከምን ደረሰ?» ለሚለኝ ሰው ያቺን ገንዳ ባሳየው ደስ ይለኛል። ገና ባዶ ናት፤ ግን በስምምነት የተሠራች ናት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው በሹክሹክታ ወደሚያወራው ልግባ፤ ካታጎሪው። አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት አባል ሆነው ስድስት መደብ ቆፍረው ነበር። ባለፈው ወር ስማቸውን ለማሰረዝ ወደ እኔ መጡ። «የኔ ልጅ፣ እርሻ አለሽ ብለው ካታጎሪ 4 ቢያደርጉኝስ? ውኃ የሌለው መደብ ይዤ ሬሽኔን ልጣ?» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው? ሥጋቱ እውነት ይሁን አሉባልታ የሚያረጋግጥልኝ የተጻፈ ነገር በእጄ የለም። ስማቸውን አልሰረዝኩም፤ «እስከሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይ» ብዬ ለመንኳቸው። ከእሳቸው በኋላ ሌሎች ሦስት ሰዎች መጥተዋል። ራስን ለመቻል የተጀመረ ሥራ፣ ራሱን የቻለ እንዳይባል በሚፈራ ሰው ምክንያት ባዶ ሊቀር ነው። በእኔ ግምት ከፓምፑ መዘግየት ይልቅ ይህን መስኖ ሊገድለው የሚችለው ይህ ነው።

ፍርሃቱ የሞኝ ፍርሃት አይደለም። ሱኩማ ተዘርቶ ለመቆረጥ ስድስትና ሰባት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሽንኩርት ደግሞ ወራት ይወስዳል። በዚያ መሃል ቤተሰቡ ምን ይበላል? የመጀመሪያው ዙር በፀሐይ ወይም በተባይ ቢጠፋስ? ካሎቤዬ ውስጥ ገበሬ የሚሆነው ሰው በመጀመሪያው ዓመት ሬሽን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ትምህርት ቤትም ውስጥ ይታየኛል። ሬሽኑ ከተቀነሰ ወዲህ የጠዋት ክፍሌ ውስጥ ባዶ ወንበር በዝቷል። አንዳንዱ ልጅ ከሰል ይሸጣል፣ አንዳንዱ የላጋ አሸዋ እየቆፈረ ውኃ ይፈልጋል። ፓምፑ ሳይመጣ ዘር የተዘራ እንደሆነ በጄሪካን ውኃ የሚያመላልሱት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ኮሚቴው ውስጥ ይህን ስናገር «ልጅ ቤተሰቡን ቢረዳ ምን አለበት?» ያለ ሰው አለ። ቅዳሜ ቢረዳ ምንም የለበትም። ማክሰኞ ጠዋት ከሆነ ግን የመስኖውን ወጪ የሚከፍለው ልጁ ነው።

«አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ፤ ውኃው ይምጣና ደንቡ ይደርሳል» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። ይገባኛል። ሰው ርቦታል፤ ስብሰባ ሰልችቶታል። ዋናው ፓምፑን እንዲያመጡ መጮህ ነው ይላሉ። እኔም እጮሃለሁ። ነገር ግን ፓምፑ የመጣ ቀን ደንብ ለመጻፍ ይመሻል። ውኃው መፍሰስ ሲጀምር ኩሬው አጠገብ ያለው ቀድሞ ይጠጣል፣ ጫፍ ላይ ያለው ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ተራ እናውጣ ብትል የያዘ ሰው አይለቅም። የከብት ገንዳዋን የተስማማንባት ኩሬው ባዶ ሳለ ነው። ኩሬው ሞልቶ ቢሆን ኖሮ የምንስማማ አይመስለኝም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት አጀንዳ አስመዝግቤያለሁ። አንደኛ፣ የጥገና ገንዘብ፤ ከእያንዳንዱ አባል ከየምርቱ ትንሽ ሺሊንግ እየተቆረጠ፣ በስደተኛና በቱርካና ጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይከፈት። ሶላር ናፍጣ አይጠጣም፤ ግን ፓምፑ ይበላሻል፣ ደለሉም ይጠረጋል። ሁለተኛ፣ የመሬቱ ስምምነት፤ ከቱርካና ሽማግሌዎችና ከካውንቲው ጋር ለስንት ዓመት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ የከብት ገንዳዋም በዚያው ወረቀት ላይ ትግባ። ሦስተኛ፣ ለሬሽኑ ክፍፍል ኃላፊ ለሆኑት ድርጅቶች ደብዳቤ እንጻፍ፤ አንድ አባል ቢያንስ ሁለት ጊዜ አምርቶ እስኪሸጥ ድረስ በእርሻው ምክንያት ካታጎሪው እንደማይቀየር በጽሑፍ ይመልሱልን። እምቢ ካሉም እምቢታቸውን እንወቀው፤ ሰው አውቆ ይወስን።

ይህ ሦስቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ዋሽንግተን ላይ ማን እንደተመረጠ፣ የትኛው ለጋሽ እንደተቆጣ አይጠይቅም። በእጃችን ያለ ሥራ ነው።

ስብሰባው በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ አጥሩ አጠገብ ባለው ግራር ሥር ነው። በአማርኛም፣ በስዋሂሊም፣ በቱርካናም ይተረጎማል። አባል የሆናችሁም ያልሆናችሁም ኑ። እኒያ ጎረቤቴ እንደሚመጡ ነግረውኛል። ስማቸው እስከ ቅዳሜ ደብተሩ ላይ አለ፤ ከዚያ በኋላ የሚቆይ መሆኑን የሚወስነው የምናገኘው መልስ ነው።